«ምንም አልተገኘም» የሚለው ጽሑፍ የሳተው፦ ስለ ከባድ ቅንጣቶች ፍለጋ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ መቶ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስለተዘረጋው የ27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማጋጫ፣ ስለ ሰርኑ (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ድርጅት) ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ነው። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል፤ ያነበቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። አስተያየት ሰጪዎቹ አብዛኞቹ «እሰይ፣ እውነቱን የሚነግረን ተገኘ» ብለዋቸዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት አኃዞች በአመዛኙ ትክክል ናቸው፤ ከአኃዞቹ የተነሣው መደምደሚያ ግን በአመዛኙ ስሕተት ነው። መልስ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ሰው ራሱ ይደርስበት ነበር።

ያላሉትን በአፋቸው እንዳላስገባ ክርክራቸውን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ማጋጫው በ2012 ሂግስ ቦዞንን (ለመሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት ከመስጠት ጋር የተያያዘውን ቅንጣት) ካገኘ ወዲህ አንድም አዲስ መሠረታዊ ቅንጣት አላገኘም፤ ይመጣሉ የተባሉት የሱፐርሲሜትሪ (ለእያንዳንዱ የታወቀ ቅንጣት አቻ አለው የሚለው ቲዎሪ) ቅንጣቶች የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ እስከ 13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ፈትሾ ባዶ ስላገኘው ከዚያ በታች የሚፈለግ የለም። ሦስተኛ፣ ተመራማሪዎቹ በ2015 መጨረሻ «አዲስ ቅንጣት» ብለው ዓለምን ካስጨበጨቡ በኋላ በ2016 ክረምት ቃላቸውን አጥፈዋል፤ «ቀበሮ መጣ» እያለ እንደሚያታልለው እረኛ ስለሆኑ ከእንግዲህ አይታመኑም። አራተኛ፣ ከሚፈጠረው ግጭት እጅግ የሚበዛውን ኮምፒውተር ስለሚጥለው የሚታያቸው ሊያዩት የፈለጉት ብቻ ነው። አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በ15 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ሌላ 91 ኪሎ ሜትር ቀለበት ሊቆፍሩ አስበዋል፤ ገንዘቡ ለረሃብና ለካንሰር ቢውል ይሻላል።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት፦ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ክብደት ስል መጠነ ቁስ ማለቴ ነው፤ የፊዚክስ አስተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ። የምለካውም በጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በአጭሩ በጂኢቪ ነው። አንድ ፕሮቶን 1 ጂኢቪ ገደማ ይመዝናል፤ 1000 ጂኢቪ ደግሞ 1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በአጭሩ 1 ቲኢቪ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። ማጋጫው ሥራ ሊጀምር ሲል ስመ ጥር የቲዎሪ ሰዎች የሱፐርሲሜትሪ ቅንጣቶች ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቅ እንደሚሉ በልበ ሙሉነት ተናግረው ነበር። ብቅ አላሉም። የግሉኦን (በፕሮቶን ውስጥ ያሉትን ኳርክ የተባሉ ቅንጣቶች የሚያጣብቀው) አቻ ናት የተባለችው ግሉዊኖ፣ ካለች፣ በብዙዎቹ የተለመዱ ሞዴሎች ከ2 ቲኢቪ በላይ መመዘን አለባት፤ ይህ አብዛኞቹ ከጠበቁት በጣም የራቀ ነው። ዛሬም ፈገግ ብሎ «ትንሽ ጠብቁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እኔም እንደ ጸሐፊው ፊቴ አይፈታም።

ሆኖም የቲዎሪ ሰዎች ተስፋ ሌላ፣ ማሽኑ የተሠራበት ምክንያት ሌላ ነው። ማጋጫው ሲታቀድ የማያወላዳ ስሌት የነበረው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሂግስ የለም ብለን ደብልዩ ቦዞኖች (የደካማው የኑክሌር ኃይል ተሸካሚዎች) እርስ በርስ ሲጋጩ የሚሆነውን ብናሰላ፣ ጉልበቱ 1 ቲኢቪ አካባቢ ሲደርስ የክስተቱ ዕድል ከመቶ በመቶ ይበልጣል። ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ወይ ሂግስ፣ ወይ የሂግስን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር በዚያ ክልል ውስጥ መኖር ነበረበት። ጁላይ 4 ቀን 2012 125 ጂኢቪ የሚመዝነው ቅንጣት ይፋ ሆነ፤ በዓመቱም ፒተር ሂግስና ፍራንሷ ኢንግሌር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የነበረው ዋስትና በዚያ ቀን ተከፈለ። ለሱፐርሲሜትሪ እንዲህ ያለ ዋስትና ኖሮ አያውቅም፤ ነበረ ያለም ካለ አጋንኗል።

እግረ መንገዴን፦ ማጋጫው ከ70 በላይ አዳዲስ ሃድሮኖችን (ከኳርኮች የተገነቡ ቅንጣቶችን) አግኝቷል፤ በ2015 ይፋ የሆኑትን ባለ አምስት ኳርክ ፔንታኳርኮች ጨምሮ። እነዚህ ግን ከምናውቃቸው ኳርኮች የተሠሩ ስለሆኑ ጸሐፊው «መሠረታዊ» ካሉት ውስጥ አይገቡም። እዚህ ላይ ሙግት የለኝም።

ሙግት ያለኝ «ይህን ያህል ዓመት ተፈልጎ ካልተገኘ የለም ማለት ነው» ከሚለው አካሄድ ጋር ነው። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ፌርሚላብ ቦተም ኳርክን ሲያገኝ ጥንዱ፣ ቶፕ ኳርክ፣ የሆነ ቦታ እንዳለ ሁሉም አመነ። ብዙዎች 15 ጂኢቪ ገደማ ይመዝናል ብለው ገመቱ። ሃምቡርግ የነበረው ማጋጫ ፔትራ ፈለገው፤ የለም። ጃፓኖች ቶፕን ማግኘት ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ የሆነውን ትሪስታን የተባለ ማጋጫ ጹኩባ ላይ ገነቡ፤ የለም። በ1984 ሰርን ውስጥ ዩኤ1 የተባለው ቡድን 40 ጂኢቪ አካባቢ ምልክት አየሁ አለ፤ ዳታው ሲጨምር ምልክቱ ጠፋ። በ1992 ሲዲኤፍ የተባለው የፌርሚላብ ቡድን ከ91 ጂኢቪ በታች እንደሌለ አረጋገጠ፤ በ1994 ጎረቤቱ ዲ ዜሮ ገደቡን ወደ 131 ገፋው። በ1995 ሁለቱም ቡድኖች ቶፕን አገኙት፤ በዛሬው ልኬት 173 ጂኢቪ ገደማ ይመዝናል። የወርቅ አቶም የሚያህል ክብደት ተሸክሞ የሚኖር መሠረታዊ ቅንጣት ይገኛል ብሎ መጀመሪያ ላይ የገመተ እምብዛም አልነበረም።

ፍለጋው 18 ዓመት ፈጀ። በ1990 አንድ ጸሐፊ አሁን የምመልስለትን ጽሑፍ ስም ብቻ ለውጦ ማተም ይችል ነበር፤ አኃዞቹም ያኔ ትክክል ይሆኑ ነበር። ልብ ይባል፣ «ከዚህ በታች የለም» ተብለው ከታተሙት ገደቦች ውስጥ ቶፕ ሲገኝ የፈረሰ የለም። ገደቦቹ ሁሉ እውነት ሆነው ቀሩ፤ ቅንጣቱም ከበላያቸው ተገኘ።

ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱብኝ ተገቢ ነው። ቶፕ የግድ መኖር ነበረበት፤ ያለ እሱ ስታንዳርድ ሞዴል (የታወቁትን መሠረታዊ ቅንጣቶች የሚገልጸው ቲዎሪ) ጎዶሎ ነበር። ዛሬ የሚፈለጉት ከባድ ቅንጣቶች ግን የግድ መኖር አለባቸው የሚያሰኝ ስሌት የላቸውም። ከምሳሌው የምወስደው ዓመት መቁጠር ማስረጃ እንደማይሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። «13 ቲኢቪ ድረስ ተፈትሿል» የሚለው ሐረግ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ፕሮቶን ውስጡ ወጥ አይደለም፤ ኳርኮችና ግሉኦኖች ጉልበቱን ተካፍለው ይዘውታል። አዲስ ቅንጣት የሚፈጠረው ከአንዱ ፕሮቶን አንድ ኳርክ ወይም ግሉኦን፣ ከሌላው አንድ፣ ሲጋጩ ነው። 13 ቲኢቪ የሁለቱ ፕሮቶኖች ድምር እንጂ የእነዚህ የሁለቱ ድርሻ አይደለም። በአብዛኛው ግጭት ድርሻቸው የድምሩ ኢምንት ነው፤ 5 ቲኢቪ የሚደርሰው እጅግ ብርቅ ነው።

እስቲ አንዱን ፍለጋ ጠጋ ብለን እንየው። ዚ ፕራይም የሚባል፣ የታወቀው የዚ ቦዞን ከባድ ዘመድ አለ እንበል። እንደተፈጠረ ወዲያው ይፈርሳል፤ ለምሳሌ ወደ ሁለት ሙዮኖች። ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም ነው፤ የዲቴክተሩን (ግጭቱን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ብረት ሁሉ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ከሌላው በቀላሉ ይለያል። በማጋጫው ላይ ካሉት ግዙፍ ዲቴክተሮች አንዱ የሆነው የሲኤምኤስ ማግኔት ጥንካሬው 3.8 ቴስላ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሙዮኑ መንገድ ይጎብጣል፣ ከጉብጠቱም ግፊቱ ይሰላል። ከሁለቱ ሙዮኖች ግፊትና በመካከላቸው ካለው ማዕዘን የወላጃቸው ክብደት ይወጣል። ይህን ለእያንዳንዱ የሙዮን ጥንድ አስልቶ ግራፍ ላይ መደርደር ነው።

ግራፉ ራሱ ታሪክ ነው። 3.1 ጂኢቪ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጉብታ አለ፤ በ1974 የተገኘው ጄ ሳይ ነው፤ ሳሙኤል ቲንግና በርተን ሪክተር የኖቤል ሽልማት ያገኙበት። 9.5 ላይ ኡፕሲሎን አለ፤ የ1977ቱ ቦተም ኳርክ የተገለጠበት። 91 ላይ በ1983 ሰርን ያገኘው ዚ ቦዞን ተጎልቷል። ከዚያ ወዲያ ግራፉ በቁልቁለት ይወርዳል፤ 1 ቲኢቪ ሲያልፍ የሚቆጠሩት ጥንዶች ይመናመናሉ፤ ከ3 ቲኢቪ በላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አዲስ ከባድ ቅንጣት ካለ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ነው የሚታየው።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 1 ቲኢቪ የተሸከመ ሙዮን በማግኔቱ ውስጥ የሚጎብጠው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ጉብጠቱ ሲያንስ ልኬቱ ይደበዝዛል፤ ጉብታውም ሰፍቶ ይተኛል። በኤሌክትሮን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የኤሌክትሮን ጉልበት የሚለካው ካሎሪሜትር በተባለው ክፍል ውስጥ ተውጦ ሲያልቅ ስለሆነ ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ልኬቱ ይጠራል። ፍለጋው በሁለቱም መንገድ ጎን ለጎን የሚካሄደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገደቡ። የሌላው ግዙፍ ዲቴክተር፣ የአትላስ፣ ቡድን ከ2015 እስከ 2018 ከተሰበሰበው ዳታ ተነሥቶ ከ5.1 ቲኢቪ በታች ዚ ፕራይም የለም ብሏል። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል። ያልጠቀሱት ግን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የተጣበቀውን ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ዚ ፕራይሙ ከኳርክና ከሌፕቶን (ኤሌክትሮንና ሙዮንን ከመሰሉ ቅንጣቶች) ጋር ያለው ትስስር ልክ እንደ ተራው ዚ ከሆነ። ትስስሩ በአሥር እጥፍ ቢደክም የመፈጠሩ መጠን በመቶ እጥፍ ይቀንሳል፤ ገደቡም አብሮ ይወርዳል። ከኳርክ ጋር ጨርሶ የማይተሳሰር ቢሆን ደግሞ ፕሮቶን በማጋጨት በቀጥታ አይፈጠርም፤ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን። የሂግስ የሱፐርሲሜትሪ አቻዎች፣ ሂግሲኖዎችም፣ እንዲሁ ናቸው። የእርስ በርስ የክብደት ልዩነታቸው ጠባብ ከሆነ ሲፈርሱ የሚተፏቸው ቅንጣቶች ደካሞች ስለሚሆኑ ገደቡ ገና 200 ጂኢቪ አካባቢ ነው። 13 ቲኢቪ ከሚለው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ይህ ደጃፍ ላይ እንደመቆም ነው።

ስለዚህ «የለም» የሚለው ቃል በዚህ ሙያ ውስጥ ብቻውን አይቆምም። ምን ዓይነት ቅንጣት? ምን ያህል ትስስር ያለው? ወደ ምን የሚፈርስ? በስንት በመቶ እርግጠኝነት? ጽሑፉ አራቱንም ጥያቄዎች ዘሎ «ባዶ» ብሎ ጨረሰ።

ለጸሐፊው የሚደላ አንድ አኃዝ ግን እኔው ልጨምርላቸው፤ እሳቸው አላነሡትም። በ2017 የአትላስ የዚ ፕራይም ገደብ 4.5 ቲኢቪ ነበር። ዳታው ወደ አራት እጥፍ ገደማ ሲያድግ ገደቡ የሄደው እስከ 5.1 ብቻ ነው። በዚያው ማሽን ዳታ መቆለል እጅግ ከባድ የሆኑትን ቅንጣቶች ለማደን የሚሰጠው ትርፍ እየሳሳ ይሄዳል። በ2030 ገደማ ሥራ ይጀምራል የሚባለው የተሻሻለው ማጋጫ እስከ መጨረሻው ድረስ የ2015–2018ቱን ዳታ ሃያ እጥፍ ገደማ ይሰበስባል ተብሎ ታቅዷል፤ ሆኖም ክብደት ላይ የሚጨምረው ርቀት በሃያ እጥፍ አይደለም፣ በሁለት እጥፍም አይደለም። ትርፉ የሚገኘው ትስስራቸው የደከመ፣ እምብዛም የማይፈጠሩ ቅንጣቶች ላይና የሂግስን ጠባይ በማጥናት ላይ ነው። ማንም የሰርን ሰው ከዚህ የተለየ ቃል ቢገባ ጸሐፊውን አግዤ እሟገተዋለሁ።

ሦስተኛው፣ የ2015ቱ ታሪክ። ዲሴምበር 15 ቀን አትላስና ሲኤምኤስ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚያስገኙ ግጭቶችን ሲደረድሩ 750 ጂኢቪ አካባቢ ጉብታ ማየታቸውን አቀረቡ። ምልክቱ ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደራቀ በሚለካው ሲግማ፣ የአትላስ እስከ 3.9 ሲግማ፣ የሲኤምኤስ 2.6 ነበር። እስከዚህ ጽሑፉ ትክክል ነው። «አዲስ ቅንጣት አገኘን አሉ» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ሁለቱም ቡድኖች «ግኝት» የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም፤ ለዚያ የሚጠየቀው 5 ሲግማ ነው፤ በአጋጣሚ የመከሰቱ ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ሲሆን ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዚያው ቀን ሌላ ቁጥር አብረው አቅርበዋል፤ ጋዜጦቹ ግን ዘለሉት። ጉብታ የሚፈለገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰፊ የክብደት ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ የሆነ ቦታ ላይ አጋጣሚ ጉብታ የመታየቱ ዕድል ከፍ ይላል። ይህ ሲታሰብ የአትላሱ 3.9 ወደ 2 ሲግማ ገደማ፣ የሲኤምኤሱ ወደ 1.2 ይወርዳል። 2 ሲግማ ማለት ከሃምሳ አንዴ ገደማ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር ነው። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍለጋዎች በሚካሄዱበት ቤት ይህ አስደንጋጭ አይደለም።

ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህም ጸሐፊው አልተሳሳቱም። የቲዎሪ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ስለዚያች ጉብታ 500 ገደማ ጥናታዊ ጽሑፎች አወጡ። የመጀመሪያዎቹ የወጡት በዚያው ሳምንት ነበር። ይህን ሳይንሳዊ ትጋት ነው ብዬ አልከላከልም፤ ወረት ነበር፤ ማን ቀድሞ ይጠቀስ የሚል ሽቅድምድም።

ነገር ግን ጉብታዋን ማን አጠፋት? እነዚያው ሁለት ቡድኖች። በኦገስት 2016 ቺካጎ ላይ፣ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ የበለጠ አዲስ ዳታ ይዘው መጥተው ምንም እንደሌለ ራሳቸው አሳዩ። በእረኛው ተረት ውስጥ ቀበሮው እንደሌለ የሚደርሱበት ሮጠው የመጡት መንደርተኞች ናቸው፤ እዚህ «እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም» ያለውም፣ ሄዶ አይቶ «የለም» ያለውም ራሱ እረኛው ነው።

ያነሰ ስም ያገኘ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ፤ የቡድኖቹን ጠባይ ከ750ው ይልቅ ያሳያል ብዬ ስለማምን። በ2022 አትላስ ከባድ ሆነው ዕድሜያቸው የረዘመ፣ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶችን ሲፈልግ ሰባት እንግዳ ክስተቶች ገጠሙት። እንዲህ ያለ ቅንጣት ከባድ ስለሆነ በዝግታ ይጓዛል፤ በዝግታ ስለሚጓዝም በሲሊከን ንብርብሮቹ ውስጥ ሲያልፍ ከወትሮው የበዛ ጉልበት ጥሎ ያልፋል። ሰባቱም ይህን አሳይተዋል፤ የመላው ፍለጋ ስፋት ታስቦ እንኳ 3.3 ሲግማ ነበር፤ ከ750ዋ የበረታ። ታዲያ ቡድኑ ጮኸ? አልጮኸም። የበረራ ሰዓታቸውን በውጪኛው የዲቴክተሩ ክፍል ለካና ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት የማይለይ ሆኖ አገኘው። ከባድና ዘገምተኛ ከሆኑ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ምልክቱንም፣ ምልክቱን የሚያፈርሰውንም ማስረጃ በአንድ ጽሑፍ አተሙ።

በ2022 ሲዲኤፍ የደብልዩ ቦዞንን ክብደት 80,433.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (80.4 ጂኢቪ ገደማ) ነው ብሎ ስታንዳርድ ሞዴልን የሚያናጋ ውጤት ሲያወጣም እንዲሁ ሆነ። ሲኤምኤስ በ2024 በተቀራራቢ ጥራት ለክቶ 80,360.2 አገኘ፤ ከሞዴሉ ጋር የሚስማማ። ሲኤምኤስ አብዮተኛ መሆን ከፈለገ ያ ጥሩ አጋጣሚው ነበር።

አራተኛውን ነጥብ ሳነብ ግማሹን በአዎንታ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር። የፕሮቶን ጥቅሎቹ በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ሁሉን መዝግቦ ማስቀመጥ የሚችል ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ትሪገር የተባለው ሥርዓት በመጀመሪያ ደረጃ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ ወስኖ ወደ 100 ሺህ ያወርደዋል፤ ከዚያ ሁለተኛው ደረጃ በሰከንድ አንድ ሺህ ወይም ጥቂት ሺህ ያህሉን ይይዛል። የሚጣለው ብዙ ነው፤ አዎ።

የሚያዘው ግን ለአንድ ቲዎሪ የተቆረጠ አይደለም። ትሪገሩ የሚጠይቀው ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሙዮን፣ ኤሌክትሮን፣ ፎቶን ወይም ጄት (በአንድ አቅጣጫ የሚፈነጥቅ የቅንጣቶች ጅረት) አለ ወይ፣ የጎደለ ጉልበት አለ ወይ ብሎ ነው። በጣም ከባድ የሆነ ነገር ሲፈርስ ከእነዚህ አንዱን አለመትፋቱ ከባድ ነው፤ እንዲያውም ለማምለጥ የሚቸገሩት ከባዶቹ ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ምንም ሳይመረጥ በዘፈቀደ የሚያዝ ድርሻም አለ፤ ምርጫው እንዳላዛባ የሚፈተሸው በእሱ ነው። ብዙዎቹ ትንተናዎችም ጉብታ ሊኖርበት የሚችለውን ክፍል ሸፍነው ነው የሚዘጋጁት፤ ዘዴው ሁሉ ከተቆለፈ በኋላ ይገለጣል። አትላስና ሲኤምኤስ ደግሞ በተለያየ አሠራር የተገነቡ ሁለት ዲቴክተሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ውጤት ቀድሞ አያይም።

እውነተኛው ክፍተት ጸሐፊው ያላነሡት ቦታ ላይ ነው። ጥቂት ሜትር ተጉዞ የሚፈርስ ቅንጣት ቢኖር፣ ትሪገሩ የተነደፈው ከግጭቱ ነጥብ ላይ ለሚፈነጥቁ ነገሮች ስለነበር ለዓመታት ሊያመልጥ ይችል ነበር። ይህ ታውቆ አዳዲስ ትሪገሮች ተሠርተዋል፤ ከአትላስ 480 ሜትር ርቆም ፌዘር የተባለ ትንሽ ዲቴክተር በ2022 ሥራ ጀምሯል። «ማየት የፈለጉትን ብቻ ነው የሚያዩት» የሚለውን ለመፈተን የሚሻ ደግሞ የእኔን ቃል ማመን አይጠበቅበትም። ሲኤምኤስ ከ2014 ጀምሮ፣ አትላስም ለምርምር የሚሆን ዳታውን በ2024 ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ሰው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ከላይ የገለጽኩትን የሙዮን ግራፍ ራሱ ሊሥል ይችላል። ሦስቱም ጉብታዎች ይወጡለታል።

ገንዘቡ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ምክንያቱም ከተጻፈው ያነሰ ልዩነት ነው ያለን። ሰርን በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ፍራንክ በላይ የሚያወጣ ድርጅት ነው፤ ወጪውን ከሃያ በላይ አባል አገሮች ይጋሩታል። ካንሰርን በተቃራኒ ወገን ማቆማቸው ግን አልተመቸኝም። ሆስፒታሎች ውስጥ ዕጢ የሚያክመው ሊኒየር አክስለሬተር የዚሁ ሙያ ልጅ ነው፤ አገራችንም ከኮባልት ማሽን ወደዚያው እየተሻገረች ነው። ይህን ስል ለ91 ኪሎ ሜትር ቀለበት ማስረጃ አደርገዋለሁ ማለቴ አይደለም። የሕክምና ማሽን የፈለገ የሕክምና ማሽን ይገንባ፤ ዌብ ሰርን ውስጥ በ1989 ተወለደ የሚለውን የተለመደ መከራከሪያም በዚሁ ምክንያት አልጠቀምበትም።

ጽሑፉ የሳተው የታቀደው ማሽን ምን እንደሆነ ነው። 15 ቢሊዮን ፍራንክ የተገመተለት የመጀመሪያው ምዕራፍ ፕሮቶን አጋጭቶ ከባድ ቅንጣት የሚያድን አይደለም። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ ቁስ አቻ) አጋጭቶ ዚን፣ ደብልዩን፣ ሂግስንና ቶፕን በብዛት እየፈጠረ በጥራት የሚለካ ነው። የዚህ ጥቅም በቶፕ ታሪክ ውስጥ ታይቷል። ሌፕ የተባለው የሰርን የቀድሞ ማጋጫ ቶፕን ለመፍጠር ጉልበቱ አይበቃውም ነበር፤ ሆኖም የዚን ጠባይ አጥርቶ በመለካቱ ብቻ ቶፕ ከመገኘቱ በፊት ክብደቱ በየትኛው አካባቢ እንደሚሆን ጠቁሟል። በፕሮቶን የሚሠራው ግዙፍ ማጋጫ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ እሱም ከ2070 በፊት አይታሰብም። ሁለቱን አደባልቆ «እንደገና ያንኑ ሊፈልጉ ነው» ማለት የዕቅዱን የመጀመሪያ ገጽ አለማንበብ ነው።

ዋጋው ይገባዋል ወይ? እዚህ ላይ የጀርመን መንግሥት ራሱ በ2024 የወጪው ነገር እንዳሳሰበው ተናግሯል፤ ፊዚሲስቶቹም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። የሰርን ምክር ቤት ውሳኔውን በ2028 ገደማ ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ለዚያ ገንዘብ ከመወሰኔ በፊት መልስ የምፈልግለት ጥያቄ አለ፦ የሂግስ ልኬት ከዛሬው በአሥር እጥፍ ቢጠራ፣ አሁን በሕይወት ካሉት ሞዴሎች ውስጥ የትኞቹ ይወድቃሉ፣ የትኞቹስ እንዳሉ ይቀራሉ? ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስነብቡን ቃል ገብተዋልና ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።